ዋናው ብሬከር 36 ከሆነ የታቹ 6 ይበቃዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። (36 እና 6 የተባሉት ኪሎ አምፔር ናቸው፦ ብሬከሩ ሳይፈነዳ ሊቆርጠው የሚችለው ትልቁ የሾርት ከረንት።) ካዛንቺስ ያለ የጂ ፕላስ 9 ሆቴል ግቢ ውስጥ 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ተቀምጧል፤ ከ15 ኪሎ ቮልት ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ። ከትራንስፎርመሩ እስከ ዋናው ፓናል 40 ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ ሁለት ባለ 185 ካሬ መዳብ ኬብል ተስቧል። ከዋናው ፓናል ቤዝመንት ወዳለው የፓምፕ ፓናል ደግሞ 35 ሜትር ባለ 70 ካሬ አለ። የፓምፕ ፓናሉ ሁለት 7.5 ኪሎ ዋት ቡስተር ፓምፕ፣ 22 ኪሎ ዋት የአየር ማውጫ ፋን፣ 45 ኪሎ ዋት የጉድጓድ ፓምፕ እና በኢንቨርተር የሚሠራ 15 ኪሎ ዋት ሊፍት ይመግባል። መብራት ሲጠፋ 250 ኬቪኤ ጄኔሬተር ይገባል። ፓናል ሠሪው ለትናንሾቹ ባለ 6 ኪሎ አምፔር ኤም ሲ ቢ (ትንሹ፣ የቤት ዓይነት ብሬከር)፣ ለትልልቆቹ ባለ 25 ኤም ሲ ሲ ቢ (ትልቁ፣ የኢንዱስትሪ ዓይነት) አቅርቦ «ዋናው 36 ስለሆነ የታቹን ይጠብቀዋል» ይላል። አማካሪው ደግሞ ሁሉም 36 ካልሆነ አልፈርምም ብሏል። ማን ነው ልክ?

ሠሪው በ6ቱ ተሳስቷል፤ በ25ቱ አንድ ነገር ካሟላ ልክ ነው። አማካሪው በዋናው ፓናል ልክ ነው፤ በፓምፕ ፓናሉ ግን ወጪ ይጨምራል እንጂ ያን ያህል ጥቅም አያመጣም። «ዋናው ይጠብቀዋል» የሚለው አባባል ግን በወረቀት ካልተረጋገጠ በቀር ዋጋ የለውም፤ ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ብሬከሩ ላይ ያለው ኪሎ አምፔር ከሞተሩ ጭነት ጋር አይገናኝም። 15 አምፔር የሚስበው ቡስተር ፓምፕ ብሬከርና 90 አምፔር የሚስበው የጉድጓድ ፓምፕ ብሬከር አንድ ባስባር (ፓናሉ ውስጥ ከረንት የሚያከፋፍለው ወፍራም ዘንግ) ላይ እስከተቀመጡ ድረስ፣ መውጫቸው ላይ ሾርት ቢፈጠር የሚመጣባቸው ከረንት ያው አንድ ነው። «ፓምፑ ትንሽ ስለሆነ 6 ይበቃዋል» የሚለው አነጋገር የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የ630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ሙሉ ከረንት 909 አምፔር ነው፤ 630,000ን ለ1.732 እና ለ400 ሲያካፍሉ የሚወጣው። ስም ሰሌዳው ላይ ኢምፒዳንስ (ለከረንት ያለው ጠቅላላ ተቃውሞ) 4% የሚል ከሆነ፣ በዚህ መጠን የተለመደውም እሱ ነው፣ 909 ሲካፈል ለ0.04 ትራንስፎርመሩ ጫፍ ላይ 22.7 ኪሎ አምፔር ይሰጣል። ይህ ከላይ ያለው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወሰን የሌለው ጉልበት አለው ብሎ የሚያሰላ ስለሆነ ወደ ጥንቃቄ ያደላል። ሰሌዳውን ሳያነቡ 4% ብለው አይለፉ፤ ያው 630 በ6% የተሠራ ከሆነ ውጤቱ ወደ 15 ይወርዳል።

ከዚያ ኬብሉ ይቀንሳል። የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ 10.2 ሚሊ ኦህም ነው፤ የጭነት ብክነቱ 6.5 ኪሎ ዋት ገደማ ከሆነ 2.6ቱ ሬዚስታንስ (ተራው የሽቦ ተቃውሞ)፣ 9.8ቱ ሪአክታንስ (ከማግኔት የሚመጣው ተቃውሞ) ይሆናል። ባለ 185ቱ ኬብል በ40 ሜትር፣ ሁለት በመሆኑ ለሁለት ተካፍሎ፣ 2.0 ሬዚስታንስ እና 1.6 ሪአክታንስ ይጨምራል። ሬዚስታንስ ለብቻው፣ ሪአክታንስ ለብቻው ይደመርና በመጨረሻ ሁለቱ በፓይታጎረስ ይጣመራሉ፤ ዝም ብሎ አራቱን ቁጥር መደመር የተለመደ ስህተት ነው። ዋናው ፓናል ላይ 12.3 ሚሊ ኦህም ይወጣል፣ 231 ቮልት (400 ለ1.732 ተካፍሎ) ለዚያ ሲካፈል 18.8 ኪሎ አምፔር። ወደ ፓምፕ ፓናሉ ባለ 70ው ኬብል በ35 ሜትር 9.4 ሬዚስታንስ እና 2.8 ሪአክታንስ ይጨምራል፤ ድምሩ 19.9 ሚሊ ኦህም፣ ከረንቱ 11.6 ኪሎ አምፔር።

የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ሲል ከረንቱም ስለሚያድግ በ1.05 ይባዛል፦ ዋናው ላይ 19.7፣ ፓምፕ ፓናሉ ላይ 12.2።

እዚህ ላይ የሞተር ፓናል ከመብራት ፓናል የሚለይበት ጉዳይ ይመጣል። ሾርት ሲፈጠር እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በውስጡ የቀረው ማግኔት ለጥቂት ሳይክል ጄኔሬተር ያደርገውና ወደ ሾርቱ ከረንት ይልካል፤ መጠኑም ሲነሳ ከሚስበው ጋር ይቀራረባል። ደንቡ የሞተሮቹ ከረንት ድምር ከሾርት ሰርኪት ከረንቱ 1% በታች ከሆነ ተዉት ይላል። የእርስዎ ሞተሮች፦ ጉድጓዱ 90፣ ፋኑ 43፣ ሁለቱ ቡስተሮች 30፣ በድምሩ 163 አምፔር። የ11.6 ኪሎ አምፔር 1% ደግሞ 116 ነው። ስለዚህ መተው አይቻልም። 163 በ6 ሲባዛ ወደ 1 ኪሎ አምፔር ይሆናል፤ የጉድጓዱ ኬብል ረጅም ስለሆነ በተግባር ከዚያ ያንሳል፣ ለጥንቃቄ ግን ሙሉውን ይያዙ። ሊፍቱ አልተቆጠረም፤ ኢንቨርተሩ ብሬኪንግ ሪዚስተር ያለው ተራ ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ ምንም አይልክም። በሶፍት ስታርተር (ቀስ አድርጎ በሚያስነሳ መሣሪያ) የሚነሳ ሞተር ግን ከተነሳ በኋላ መሣሪያውን የሚያልፈው ባይፓስ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ማብሪያ) ስለሚዘጋ እንደ ማንኛውም ሞተር ይቆጠራል።

ስለዚህ ለፓምፕ ፓናሉ 13.1፣ ለዋናው 20.7 ኪሎ አምፔር ይዘን እንቀጥል። 6 ብሎ የተጻፈበት ብሬከር 13 የሚመጣበት ቦታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

6 ኪሎ አምፔርን እንደ ነባሪ የመያዝ ልማድ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። ዳር ከተማ ምሰሶ ላይ ካለ 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ150 ሜትር ባለ 95 አሉሚኒየም መስመር የሚመጣ ቤት ላይ ሾርቱ ወደ 3 ኪሎ አምፔር ነው፤ 6 እዚያ በደንብ ይበቃል። መሃል ከተማ፣ ካዛንቺስም ሆነ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ፣ ትራንስፎርመሩ ግቢ ውስጥ ወይም ቤዝመንት ስለሚገባ ኬብሉ አጭርና ወፍራም ነው። ያው ብሬከር፣ ያው ካርቶን፣ ከረንቱ ግን አራት እጥፍ።

ሌላው ሙግት «ሾርቱ ፓምፑ ጋ ቢሆንስ?» የሚል ነው። ከብሬከሩ እስከ ቡስተር ፓምፑ 15 ሜትር ባለ 4 ካሬ ኬብል ካለ ሞተሩ ተርሚናል ላይ ሾርቱ 2.7 ኪሎ አምፔር ብቻ ነው፤ እውነት ነው። ብሬከር የሚመረጠው ግን በተቀመጠበት ቦታ በሚመጣው ከረንት ነው። ኬብሉ ፓናሉ ውስጥ ግላንዱ (የኬብሉ መግቢያ) ጋ ቢላጥ፣ ወይም ኮንታክተሩ ላይ የወደቀ ብሎን ሁለት ፌዝ ቢያገናኝ፣ በመሃል 15 ሜትር የሚባል ነገር የለም።

አሁን «ዋናው ይጠብቀዋል» ወደሚለው። በ13 ኪሎ አምፔር ትንሹ ኤም ሲ ቢ ኮንታክቱን የሚከፍተው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው። ከከፈተ በኋላ የሚነሳውን አርክ የማጥፋት ሥራ የእሱ ነው፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የብረት ሳህኖች የተሠሩት ለ6 ኪሎ አምፔር ነው። ዋናው 630 አምፔር ብሬከር ማግኔቱ (ሾርት ሲያይ ወዲያው የሚያወርደው ክፍል) 10 እጥፍ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ከ6.3 ኪሎ አምፔር በላይ ሲያይ እሱም ይወርዳል፤ ግን እስኪወርድ ድረስ 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ለትንሹ ሳጥን ያ ረጅም ጊዜ ነው፦ ኮንታክቱ ይጣበቃል፣ ወይም ሳጥኑ ይፈነዳና ጋዙ ባስባሩ ላይ ሌላ ሾርት ይፈጥራል። ዋናው ኤሌክትሮኒክ ትሪፕ ያለው ሆኖ ሆን ተብሎ 0.1 ወይም 0.2 ሰከንድ እንዲዘገይ ከተደረገ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። በዚያ ላይ ዋናው ከወረደ ሆቴሉ በሙሉ ይጨልማል፤ ለአንድ ቡስተር ፓምፕ።

ታችኛው ከሾርቱ ያነሰ አቅም ይዞ የሚፈቀድበት መንገድ አለ። ላይኛውና ታችኛው አንድ ላይ በላብራቶሪ ተፈትነው አምራቹ በካስኬድ ሰንጠረዡ ላይ «ይህ ብሬከር ከዚህ ሥር ሲሆን እስከዚህ ድረስ ይይዛል» ብሎ ያተመው ሲሆን ነው። ከላይ ያልኩት ወረቀት ይህ ነው። ሰንጠረዡ ለተጻፉት ሞዴሎች ብቻ ይሠራል፤ የአንዱን አምራች ላይኛ ከሌላው አምራች ታችኛ ጋር አያጣምርም፣ በስሌትም አይተካም። ሠሪው ሰንጠረዡን ካመጣ፣ የሞዴል ቁጥሮቹም ፊደል በፊደል ከተጣጣሙ፣ ክርክሩ አለቀ። ካላመጣ ንግግሩ ተስፋ ነው።

ስለ መለያው ንባብ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብም ብዙ አደጋም የሚያልፈው እዚያች ትንሽ ተለጣፊ ላይ ነው። የኤም ሲ ሲ ቢ ፊት ላይ ቮልቴጅ በየረድፉ ተጽፎ ከጎኑ አይ ሲ ዩ፣ ማለትም የመጨረሻ የመቁረጥ አቅሙ በኪሎ አምፔር፣ አለ። ለምሳሌ 220/240 ቮልት 85፣ 380/415 ቮልት 36፣ 690 ቮልት 8 ሊል ይችላል፤ ሁሉም ያው አንድ ብሬከር ነው። የእርስዎ ረድፍ 380/415 ያለው ነው። ሻጩ «ባለ 85» ብሎ ቢያስረክብዎ አልዋሸም፤ ያነበበልዎ የማይመለከትዎን ረድፍ ነው። ቮልቴጅ ሳይጻፍ «36 ኪሎ አምፔር» ብቻ የሚል፣ ወይም የስታንዳርድ ቁጥር የሌለው ብሬከር ከመርካቶም ይምጣ ከሌላ ቦታ አይግዙት።

ከአይ ሲ ዩ ቀጥሎ አይ ሲ ኤስ የሚባለው አለ፤ ሠሪው ማሟላት ያለበት ያልኩት ይህ ነው። አይ ሲ ዩ ብሬከሩ አንድ ጊዜ ቆርጦ፣ ከዚያ አንዴ ሾርት ላይ ተዘግቶ እንደገና እስኪቆርጥ ድረስ የሚችለው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭነቱን ይሸከማል የሚል ዋስትና የለም። አይ ሲ ኤስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ቆርጦም ሥራ ሊቀጥል የሚችልበት ነው፤ የሚጻፈውም በአይ ሲ ዩ መቶኛ ነው፦ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100። የቀረበልዎ ባለ 25 ኤም ሲ ሲ ቢ አይ ሲ ኤሱ 50% ከሆነ 12.5 ይሆናል፤ ያስፈለገን 13.1 ነው። በ0.6 ወደቀ። 75% ከሆነ 18.75፣ ያልፋል። ለዋናውም እንዲሁ ነው፦ 36 በ50% 18 ስለሚሆን ከ20.7 በታች ነው። ሆቴል ውስጥ አንድ ሾርት ካለፈ በኋላ ዋናው ብሬከር ተለውጦ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል ዋናው ላይ 100% መጠየቅ ትክክል ነው።

ኤም ሲ ቢ ላይ አራት ማዕዘን ውስጥ 6000 ብሎ የሚጻፈው በቤት ውስጥ ስታንዳርድ፣ በአይ ኢ ሲ 60898 ነው። ያው ብሬከር በኢንዱስትሪው ስታንዳርድ፣ በ60947-2፣ 10 ኪሎ አምፔር ተብሎ ሊታተም ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች አያደባልቁ። ለእርስዎ ግን 10ም አይበቃም።

ለቡስተር ፓምፖቹ ከኤም ሲ ቢ ይልቅ የሞተር መጠበቂያ ብሬከር እመርጣለሁ፤ ከረንቱ የሚስተካከል ነው፣ አንድ ፌዝ ሲጠፋም ይወርዳል። ወጥመዱ ግን እዚህም አለ። ትንሽ አምፔር ያላቸው ውስጣቸው ያለው የማሞቂያ ጥቅል ራሱ ከረንቱን ስለሚያንቀው 100 ኪሎ አምፔር ይጻፍባቸዋል። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ሲሄዱ፣ መልኩ ያው፣ ስፋቱ ያው ሆኖ፣ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ቁጥሩ በአንዴ ወደ 15 ይወርዳል። 7.5 ኪሎ ዋት 15 አምፔር ስለሚስብ የሚወስደው ባለ 13–18ቱን ነው፤ ማለትም ከወረደው ወገን። 15 ዛሬ ከ13.1 በላይ ነው፣ ያልፋል። ባለ ማዞሪያ እጀታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ አቅም አላቸው፤ ልዩነቱን ካታሎጉ ላይ የዚያኑ አምፔር ረድፍ አይቶ መወሰን ነው።

«ዛሬ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሆቴሉ ሲሰፋ፣ ወይም ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ሲተካ፣ 1250 ኬቪኤ በ6% ቢገባ ዋናው ፓናል ላይ ሾርቱ ወደ 26፣ ፓምፕ ፓናሉ ላይ ወደ 15 ኪሎ አምፔር ያድጋል። ባለ 25 ዋና ብሬከር ያኔ ያጥራል። አማካሪው ለዋናው 36 ማለቱን የምደግፈው ለዚህ ነው። ትራንስፎርመር ሲቀየር ብሬከሮቹን እንደገና የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ኬቪኤው ጨመረ ወይ ብቻ ነው።

ብሬከሩ ተርፎ ኮንታክተሩ ቢሞትስ? ፓምፑን የሚያስነሳው ኮንታክተርና ኦቨርሎድ ሪሌይም (ሞተሩን ከመጠን በላይ ጭነት የሚጠብቀው) ያንኑ ከረንት ያያሉ። በሞተር ማስነሻዎች ስታንዳርድ፣ በአይ ኢ ሲ 60947-4-1፣ ዓይነት 1 የሚባለው ቅንጅት ሰው እንዳይጎዳ ብቻ ያረጋግጣል፤ ኮንታክተሩ መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። ዓይነት 2 ሲሆን ኮንታክቱ ቢጣበቅ እንኳ በቀላሉ የሚላቀቅ ነው፣ ኦቨርሎዱም እንደተስተካከለ ይቆያል። ለሆቴል ውሃ ዓይነት 2 ይጠይቁ፤ እሱም ከአምራቹ ሰንጠረዥ ብሬከር፣ ኮንታክተር፣ ሪሌይ ሦስቱ በአንድ ረድፍ የሚነበብ ነው። «ትልቅ ኮንታክተር አድርጌበታለሁ» ማለት አይተካውም።

ኬብሉም እንዲሁ። ባለ 4 ካሬ ፒቪሲ መዳብ የሚችለው ጉልበት 115 በ4 ተባዝቶ በራሱ ሲባዛ ነው፦ 211,600። 13.1 ኪሎ አምፔር ለ10 ሚሊ ሰከንድ ሳይገታ ቢያልፍበት 1.7 ሚሊዮን ይሆናል፣ ስምንት እጥፍ። ኬብሉን የሚያድነው ከረንቱ ጫፍ ሳይደርስ የሚቆርጥ ገዳቢ ብሬከር ነው፤ የሚያሳልፈው ጉልበት ካታሎጉ ላይ በግራፍ አለ።

ጄኔሬተሩ ሲገባ ችግሩ ይገለበጣል። 250 ኬቪኤው 361 አምፔር ነው፤ ሰብትራንዚየንት ሪአክታንሱ (ሾርቱ በተፈጠረበት ቅጽበት ያለው ሪአክታንስ) 12% ቢሆን ጫፉ ላይ ሾርቱ 3 ኪሎ አምፔር ነው፣ እሱም ወዲያው ይወድቃል። ጥሩ ኤክሳይቴሽን (ማግኔቱን የሚመግበው ክፍል) ያለው ጄኔሬተር ሦስት እጥፍ አካባቢ፣ ወደ 1,080 አምፔር፣ ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል፤ የሌለው ያንንም አይይዝም። የጉድጓድ ፓምፑ ብሬከር ማግኔት በ13 እጥፍ 1,170 ላይ ከተስተካከለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳይክሎች ካልወረደ ከረንቱ ከሥሩ ያልፍና በሙቀት እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ኬብሉ እየጋለ። ፓምፑ በሶፍት ስታርተር የሚነሳ ከሆነ ማግኔቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በቀጥታ የሚነሳ ከሆነ ሲነሳ እየወረደ ያስቸግራል፤ ያኔ ኤሌክትሮኒክ ትሪፕ ያለው ብሬከር መርጦ ከጄኔሬተሩ የከረንት መውደቂያ ግራፍ ጋር ማስተያየት ነው።

ከፍታው አዲስ አበባ ላይ ሁሌ ይረሳል። መሃል ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስታንዳርዱ የሚያስበው እስከ 2,000 ነው። የኤም ሲ ሲ ቢ አምራቾች ለ3,000 ሜትር የሚሰጡት ቅናሽ የሥራ ቮልቴጁን ከ690 ወደ 600 ገደማ ያወርዳል፣ አምፔሩን በ0.96 እስከ 0.98 ያባዛል። 400 ቮልት ላይ ስለምንሠራ የ690 ብሬከር ቮልቴጅ ይተርፈዋል። የ440 ቮልት ብቻ የሆነ ዕቃ ግን ትርፍ ስለሌለው የአምራቹን ማረጋገጫ ይጠይቁለት።

ፓናሉ ራሱም ቁጥር አለው። የፓናሎች ስታንዳርድ፣ አይ ኢ ሲ 61439፣ እስከ 10 ኪሎ አምፔር ድረስ የባስባሩን የሾርት ፈተና ይምራል፤ የእርስዎ 13 ስለሆነ ምሕረቱ አይደርሰውም፣ ጫፉን 17 ኪሎ አምፔር ላይ የሚገታ መግቢያ ብሬከር ከሌለ በቀር። ባስባሮቹን የሚያላጋው ጉልበት በከረንቱ ጫፍ ካሬ ያድጋል፦ ከ17 ወደ 26 (የ13ቱ ጫፍ፣ እጥፉ ገደማ) ሲሄድ 2.3 እጥፍ ነው። ሠሪውን የኢንሱሌተሮቹን ርቀት ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት። ፓናሉን ከፍተው ደግሞ የኤም ሲ ሲ ቢዎቹን የፌዝ መለያ ሳህኖች ይቁጠሩ። ኬብል ጫማው ሰፍቶ አልገባ ሲል መጀመሪያ የሚወረወረው እነሱ ናቸው፤ አምራቹ 25 ያለው ሳህኖቹ ተተክለው፣ ከላይም ለጋዙ መውጫ የታዘዘው ክፍተት ተትቶ ነው።

ለሠሪው የሚጽፉት እንግዲህ ይህ ነው፦ ዋናው 36 ኪሎ አምፔር በ415 ቮልት፣ አይ ሲ ኤስ 100%። የፓምፕ ፓናሉ መግቢያ፣ ፋኑ፣ ሊፍቱና ጉድጓዱ 25፣ አይ ሲ ኤስ ቢያንስ 75%። ቡስተሮቹ የሞተር ብሬከር፣ በ13–18 አምፔሩ ረድፍ 25 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከኮንታክተሩ ጋር ዓይነት 2። ኤም ሲ ቢ የግድ ከተባለ ካስኬድ ሰንጠረዡ ከመግቢያው ብሬከር ጋር 15 ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጠው፣ ገጹም ኮፒ ተደርጎ ከስዕሉ ጋር የተያያዘ። አማካሪው ለ7.5 ኪሎ ዋቱም 36 ካለ ግን በዚያ መጠን ኤም ሲ ቢ እምብዛም ስለማይገኝ ለእያንዳንዱ ቡስተር ኤም ሲ ሲ ቢ ሊያስገዛዎት ነው፤ 13.1ን ከነስሌቱ ያሳዩትና ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት።